የፎቶ ቤቱ ባለኮት

ያ ዓመት ክረምቱ ቶሎ ወጣ። ዝናቡ ሲያባራ አየሩ ታጥቦ የተሰጣ ልብስ ይመስል ነበር። ጠዋት ጠዋት ፀሐይዋ በፎቶ ቤቱ መስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ስትተኛ፣ ጫማዬን ከጠረጴዛው ሥር አውልቄ እግሬን እሷ ላይ አሳርፍ ነበር። ያ ሙቀት እስከ ዛሬ ከቁርጭምጭሚቴ አልወጣም። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ሥራ አለኝ፣ ወንበር አለኝ፣ ቁልፉ እኔ ዘንድ የሚያድር ቁም ሣጥን አለኝ። መታወቂያ ያልያዘ መንገድ አይሄድም ተብሎ ስለታወጀ፣ በዚያ ሰሞን ከተማው በሙሉ ጉርድ ፎቶ ለመነሳት በራችን ላይ ይሰለፍ ነበር። ሰዉ ተላጭቶ፣ ፀጉሩን በውኃ አስተኝቶ፣ አንገቱን በሳሙና ፈትጎ ነው የሚመጣው። ለምን እንደታዘዘ የጠየቀ አልነበረም፤ የጠየቀም ካለ በሆዱ ነው። ደስ ይል ነበር። አሁን ይህን ማለት ያሳፍረኛል፤ ግን ደስ ይል ነበር።

ልጽፍ የተነሳሁት ስለ አንድ ሰው ነው። ስለ እሱ ስጽፍ እኔም መግባቴ አይቀርም፣ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ክፍል ውስጥ ነበርና የምንውለው። ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ባለኮቱ በሚል ነው።

ፎቶ ቤቱ ሦስት ክፍል ነበረው። ከመንገዱ እንደገቡ የኔ ጠረጴዛና ቁም ሣጥኔ፤ መካከል ላይ ሰማያዊ መጋረጃ፣ በርጩማና ሁለት ትልልቅ መብራት፤ ከኋላ ባለቤቱ ፊልም የሚያጥብበት ጨለማ ክፍል። ሽታው እንደ ኮምጣጤ አፍንጫ ይቆነጥጣል። ሠራተኞቹ ሦስት ነን። ባለቤቱ ያነሳል ያጥባል፣ እኔ እመዘግባለሁ፣ ባለኮቱ ያለብሳል። መታወቂያ ላይ ሰው ያለ ኮትና ከረባት መነሳት አይወድም፤ ኮት ያለው ደግሞ ከመቶ አንድ ነው። ስለዚህ ፎቶ ቤቱ አንድ ኮት ነበረው። ጥቁር ግራጫ፣ ለማንም ያልተሰፋ፣ ሁለት ሰው የሚያስገባ። ባለኮቱ ሰውየውን ያስገባውና ከጀርባው ሦስት የልብስ መቆንጠጫ ይሰካበታል። ወዲያው ኮቱ በልክ ይሆናል።

"ከፊት ሲያዩህ ሚኒስትር ነህ" ይላቸው ነበር፣ "ከኋላ ግን የልብስ ማስጫ ገመድ ነህና ዞር እንዳትል!"

በፊት የልብስ ሰፊ ረዳት ነበር። ልጅ ሆኖ የስፌት መኪና በትከሻው ሲያመላልስ ስላደገ አንዱ ትከሻው ዝቅ ያለ ነው። የተጣመመ ኮሌታ ካየ እንቅልፍ አይወስደውም፤ መንገድ ላይ የማያውቀውን ሰው አስቁሞ ኮሌታውን አስተካክሎለት ሲያልፍ በዐይኔ አይቻለሁ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ከአሮጊት አክስቱ ጋር ይኖራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮቱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይወስደዋል፤ አክስቱ ኮሌታውን ታጥባለች፣ እሱ በከሰል ካውያ ይተኩሰዋል፣ ሰኞ እንደ አዲስ ሆኖ ይመለሳል።

ምላሱ አያርፍም። ፊቱን ኮስተር ያደረገውን "ወንድሜ፣ ፎቶ እኮ ነው፣ መርፌ አይደለም፣ ፍታው!" ይለዋል። ጆሮዬ ትልቅ ሆኖ ይወጣል ብሎ የተጨነቀውን ደግሞ "እሱንማ ከቤትህ ትተኸው መምጣት ነበረብህ፤ አሁን ምን ላድርግህ?"። ሰዉ ሳይወድ ይስቃል፤ ያኔ ባለቤቱ ያነሳዋል። ከኛ ፎቶ ቤት የወጣ ፎቶ ሁሉ ሊስቅ ሲል የተያዘ ሰው የሚመስለው ለዚህ ነው።

እኔን ደግሞ በመዝገቤ ነበር የሚነካካኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ጽሕፈቴ ግን ቆንጆ ነበር፤ የተነሳውን ሰው ስም፣ ቀኑን፣ ቁጥሩን በመዝገብ እጽፋለሁ፤ ያንኑ ቁጥር ኔጌቲቩን በምከትበት የወረቀት ኪስ ላይ እደግማለሁ፤ በየወሩ በየመሳቢያው አኖራለሁ። ከዓመት በኋላ ቅጂ የሚፈልግ ሰው ቢመጣ ቁጭ ሳይል አወጣለታለሁ። ሌላ የምኮራበት ነገር አልነበረኝም። አንድ ጊዜ ባለኮቱ አንዲት ኔጌቲቭ መብራቱ ሥር ጥሎብኝ ሁለት ቀን በጉልበቱ አስፈልጌዋለሁ፤ ለባለቤቱም ተናግሬበታለሁ።

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ" አለ ከወለሉ ሲነሳ፣ ጉልበቱን እያራገፈ። "አንቺ ሁለቱንም ሆነሽ ቁጭ አልሽ! ነገ ስሞት መቃብሬ ላይ ቁጥር ሳትጽፊብኝ አትቀሪም።"

"የኔን ሥራ አትንካ" አልኩት። እሱ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። ሥራዬን የነካብኝ ሰው ዐይኔን የነካኝ ያህል ነበር።

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። የተማሩት ጽፈውታል፤ እኔ የምጨምርበት የለኝም። ወጣቶች ከየቤታቸው ይወሰዱ ነበር። ያልተገኘው ፎቶው በየኬላው ይለጠፋል፣ በዚያ ፎቶ ተይዞ የተመለሰ የለም። ይህን ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ነው። ባለቤቱ ታሞ ቤቱ ተኝቷል። ሁለት ሰዎች ገቡ፤ አንደኛው በር ላይ ቀረ፣ ሌላኛው ጨዋ የሚመስለው ወደ ጠረጴዛዬ መጥቶ "እንደምን አደራችሁ" አለና ወረቀት ዘረጋ።

"የነዚህን ልጆች ፎቶ እንፈልጋለን።"

ባለኮቱ መካከለኛው ክፍል በር ላይ ቆሞ ኮቱን ይቦርሽ ነበር። ቡርሹን ሳያቆም፣ "ውይ ጌቶቼ፣ ዘገያችሁ እኮ!" አለ። "ክረምት ላይ ጣሪያው አፍስሶ ያ ሁሉ ኔጌቲቭ እርስ በርሱ ተጣብቆ ጉድ ሆንን። ይቺ ልጅ ደግሞ ግዴለሽ ናት፤ ሸፈን ማድረግ ስትችል ዝም ብላ አስበላችው። ጠራርገን ጣልነው።"

ሰውየው ወረቀቱን ማጠፍ ጀምሮ ነበር። እስከ ዛሬ የሚታየኝ ይኸው ነው፤ ወረቀቱን ማጠፍ ጀምሮ ነበር።

"ማነው ግዴለሽ?" ብዬ ተነሳሁ። ፊቴ ሲግል ይሰማኛል። "በኔ ቁም ሣጥን ጠብታ ገብቶ አያውቅም! ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ አንዲት አልጠፋችብኝም! ይኸው!"

መሳቢያውን ሳብኩት።

የቡርሹ ድምፅ ቆመ። ቀና ስል ባለኮቱ አየኝ። ቁጣ አልነበረም አስተያየቱ። ሰው ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ሕፃን ሲያይ እንዴት ነው የሚያየው? እንደዚያ ነው። ያኔ ገባኝ። ቢገባኝም እጄ አልቆመም። ሰውየው ስም ያነባል፣ እኔ መዝገብ እገልጣለሁ፣ ቁጥር አያለሁ፣ አወጣለሁ። አሥራ አራት ስም ነበር። አሥራ አራቱንም ሻይ ፈልቶ ሳይወርድ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ።

"ጎበዝ!" አለ ሰውየው። "እንዳንቺ ያለ ሠራተኛ ቢኖረን የት በደረስን።"

ደስ አለኝ። ለዐይን ጥቅሻ ያህል ነው፤ ግን ደስ አለኝ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ከዚያ ወደ ባለኮቱ ዞረ። "ጣሪያው አፈሰሰ ነው ያልከኝ?"

"እንግዲህ እኔ ልብስ አልባሽ ነኝ ጌታዬ" አለ ባለኮቱ፣ "ስለ ወረቀት ምን አውቄ?"

በር ላይ የነበረው ገብቶ ቡርሹን ከእጁ ነጠቀና በእንጨቱ በኩል ፊቱን መታው። እየጎተቱ ሲያወጡት ኮቱ እንዳይቆሽሽ ወደኔ ወረወረው። ተቀበልኩት።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የኔ የአፍ ወለምታ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። አፌ ሲስት እጄ መቆም ይችል ነበር፤ "የለም፣ ይሄኛውስ ጠፍቷል" ማለት እችል ነበር። ያን ጠዋት ግን ከማውቀው ሁሉ ይልቅ የሰማሁት ስድብ በለጠብኝ።

ባለኮቱ ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ተመለሰ። የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች መታጠፍ እምቢ ብለዋል። መቆንጠጫውን በግራው ይሰካል፤ ከረባት ማሰር ግን አልቻለም። የመጀመሪያ ቀን ሰው አቁሞ፣ ከረባቱን ይዞ ወደኔ መጣና "እሰሪልኝ እስቲ" አለኝ። ሳስር እንባዬ መጣ።

"ተይ፣ ኮቱ ላይ ትንጠባጠቢያለሽ" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "አንቺ ቤት ደግሞ ጠብታ አይገባም።"

እየሳቀ ነው ያላት። ከዚያች በቀር ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ሳይናገረኝ ሁለት ዓመት አብረን ሠራን።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ መሳቢያዎቼ መጉደል ጀመሩ። እንደኔ ያለ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። መጀመሪያ ከሐምሌ፣ ከዚያ ከነሐሴ፣ ከዚያ ከመስከረም። አንድ ቅዳሜ ኮቱን ሲጠቀልል አቀበልኩት፤ ገበሩ ውስጥ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። እሱም መስማቴን አየ። ሁለታችንም ዝም አልን። ዛሬ ይህን ዝምታዬን እንደ ጀግንነት ሊቆጥሩልኝ የሚፈልጉ አሉ። አንድ ሰው ነፍሱን በኮት ገበር ሰፍቶ በየሳምንቱ ኬላ ሲያልፍ፣ ተቀምጦ ዝም ማለት ምን ጀግንነት አለው?

ያ ጨዋ ሰውዬ ተመልሶ መጣ። "ጎበዟ! እስቲ ደግሞ እነዚህን" አለኝ።

"ተበላሽተዋል" አልኩት። "ዘንድሮ ጣሪያው እውነትም አፍስሶ እርስ በርሳቸው ተጣበቁ። ጠራርገን ጣልናቸው።"

ከንፈሩን መጠጠ። "አንቺ ካልሽማ እውነት ነው። ያሳዝናል" ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ወጣ። በቃ፣ ሌላ ነገር አልነበረም።

ባለኮቱ ከመጋረጃው ጀርባ ሰምቷል፤ ወጥቶ ውኃ አቀበለኝ። ደስ ያለኝ መስሎት ይሆናል። እኔ ግን ያን ሰዓት የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ ውሸቱ ይሠራል። በዚያች ማክሰኞም አፌን ብዘጋ ይሠራ ነበር።

ባለቤቱ ሲሞት ፎቶ ቤቱ ተዘጋ። የባለኮቱም አክስት በዚያው ዓመት አረፈች። ከተማዋን ለቆ ሊሄድ ሲነሳ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ይዞ ቤቴ መጣ። ከፈት አድርጎ አሳየኝ፤ ኔጌቲቮቹ ናቸው፣ የኔው ጽሕፈት ካለበት የወረቀት ኪሳቸው ጋር።

"እኔ መንገደኛ ነኝ። አንቺ አስቀምጪው" አለኝ። "አንቺ እጅ የገባ አይጠፋም።"

እያሾፈ ይሁን ከልቡ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጎንበስ ብሎ የቆርቆሮውን ገመድ በግራ እጁ ያስር ነበርና ፊቱን አላየሁትም።

ከአርባ ዓመት በላይ አልጋዬ ሥር ኖረ። በየበጋው ፀሐይ አሳየውና መልሼ አስገባዋለሁ። ሳረጅ የእህቴ ልጅ ወደ ቤቷ ወሰደችኝ፤ አስተማሪ ናት፣ ጎበዝ ልጅ ናት፤ ዕቃዬን ስታስተካክል ቆርቆሮውን አገኘች። "ከፎቶ ቤቱ የተረፈ ነው" አልኳት። የቀረውን ራሷ ሞላችው። አክስቷ ያን ሁሉ ሰው ከሞት ደብቃ እንዳኖረች ለጓደኞቿ ነገረች፤ ጓደኞቿ ለሙዚየሙ ነገሩ። እኔም አላረምኳትም። ሰው በስተርጅና የሚያከብረው ሲያገኝ አፉ ይታሰራል።

ሙዚየሙ ትንሽ ነው። ድሮ የፖስታ ቤት ዕቃ ማከማቻ የነበረ ሦስት ክፍል፤ ሲሚንቶ ወለሉ ቀይ ቀለም ተቀብቷል፣ በሩ ሲከፈት ያቃስታል። የመጀመሪያው ክፍል ጋዜጣና ካርታ ነው። ሁለተኛው ውስጥ በመስታወት ሣጥን ጫማዎች፣ መነጽሮች፣ አንድ የምሳ ዕቃ ከነማንኪያው አለ። የእህቴ ልጅ ክንዴን ይዛ ወደ ሦስተኛው አስገባችኝ።

ግድግዳው ሙሉ የኛ ፎቶዎች ናቸው። ከቆርቆሮው ውስጥ ከነበሩት ብዙዎቹ በሕይወት ተርፈዋል፤ ያልተረፉት አርባ አንዱ ትልቅ ሆነው ታትመው ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። አርባ አንዱም አንድ ኮት ለብሰዋል፣ አርባ አንዱም ሊስቁ ሲሉ ነው የተያዙት። ተማሪዎች እየጎበኙ ነበር።

"ዩኒፎርም ነበራቸው እንዴ?" አለች አንዷ።

"የዘመኑ ፋሽን ነው" አለች አስጎብኚዋ፣ ቁልፎቿን እያንቃጨለች። "ያኔ ግራጫ ኮት በጣም ይወደድ ነበር።"

ከኋላው መቆንጠጫ አለበት ልላት አፌን ከፈትኩ፤ የእህቴ ልጅ ቀደመችኝ። "አክስቴ፣ አክስቴ፣ እዪ እዚህ! ስለ አንቺ ነው!"

ሰሌዳው ላይ በትልቅ ፊደል እንዲህ ተጽፏል፤ እነዚህ ፎቶግራፎች የተረፉት በፎቶ ቤቱ መዝገብ ያዥ ድፍረት ነው። ስለ ባለኮቱ አንድ ቃል የለም። አስጎብኚዋ ማንነቴን ስትሰማ ተማሪዎቹን አስጨበጨበችብኝ።

ዐይኔን የማሳርፍበት ስፈልግ ከፎቶዎቹ በታች ባለው ረድፍ ላይ ወደቀ። ባዶ ፍሬሞች ናቸው። መስታወት አላቸው፣ ከሥራቸው ስም አለ፣ ከስሙ ሥር "ፎቶግራፉ አልተገኘም" ይላል። ሳልቆጥር ስንት እንደሆኑ አወቅሁ። ስሞቹንም ሳላነብ አወቅኋቸው፤ በቆንጆ ጽሕፈቴ መዝገብ ላይ ያሰፈርኳቸው እነዚያው አሥራ አራት ናቸው።

ከባዶዎቹ ከአንዱ ፊት ለፊት አንዲት አሮጊት በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጣለች፤ በዕድሜ እኔን ታህላለች፣ ምርኩዟን ጉልበቷ ላይ አጋድማዋለች።

"እሳቸው ሐሙስ ሐሙስ ይመጣሉ" አለችኝ አስጎብኚዋ በሹክሹክታ፤ "የወንድማቸው ነው።" ከዚያ ጮክ ብላ፣ "እማማ! የፎቶ ቤቷ መጥተዋል እኮ!"

አሮጊቷ ተነስታ መጣች። እምቢ ሳልል እጄን ይዛ ሳመችው፤ አንዴም ሁለቴም። ከንፈሯ ደረቅ ነበር።

"እናቴ 'መልኩ ጠፋብኝ' እያለች ነው የሞተችው" አለችኝ። "ቤታችንን ሲያቃጥሉት አንድ ፎቶ አልተረፈልንም። እኔም አሁን አሁን እየጠፋኝ ነው፤ አፍንጫውን አገኘዋለሁ፣ ዐይኑ ይጠፋኛል። እርስዎ እጅ የገባ አይጠፋም ይላሉ። ምናልባት ሌላ ቆርቆሮ… አንዲት ጥግ የቀረች ካለች…"

የእህቴ ልጅ ፈገግ ብላ ታየኛለች። ተማሪዎቹ ከበውናል።

"ክረምት ላይ ጣሪያው አፍስሶ ነበር" አልኩ። "እርስ በርሳቸው ተጣብቀው… ተበላሽተው ተጥለው ይሆናል እናቴ።"

ሌላ ሰው እነሱን ለማዳን የፈጠረውን ውሸት ራሴን ለማዳን ተናገርኩት።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለች። "ከእርስዎ ያልተገኘ እንግዲህ ከማንም አይገኝም።" ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

ቤት ስገባ የሳመችውን እጄን ታጠብኩት፤ ለምን እንደታጠብኩ አላውቅም። እህል አልወርድ አለኝ። የእህቴ ልጅ "ደስታው ነው፣ ትዝታው ነው" ትላለች። አንዱን ሐሙስ አሳለፍኩ። በሁለተኛው ሐሙስ ገበያ እሄዳለሁ ብዬ ለብቻዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

መጀመሪያ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ራሱ የተመለጠ፣ ትሑት ሰው ነው። ስለ ባለኮቱ ነገርኩት፤ ስለ ገበሩ፣ ስለ ቅዳሜው፣ ስለ ጣቶቹ። እየጻፈ "ድንቅ ነው! ድንቅ ነው!" ይላል።

"ፎቶ አላቸው?"

"የለውም። ያን ሁሉ ሰው አልብሶ ሲያስነሳ እሱ አንድ ቀን በርጩማው ላይ አልተቀመጠም።"

"ግድ የለም። ሰሌዳውን እናስተካክለዋለን፤ 'በሁለቱ የፎቶ ቤቱ ሠራተኞች ድፍረት' እንለዋለን።"

"አይሆንም። እኔን አውጡኝ።"

"ኧረ እማማ፣ ትሕትናዎ ነው" ብሎ ሳቀ።

እውነቱን ግማሽ ብናገር ይባስ ብሎ ከሱ ጎን ሊያቆመኝ ነው! የቀረውን ልለው አፌን ስከፍት የውጭው በር አቃሰተ። የምርኩዝ ድምፅ ሰማሁ። ኃላፊውን እዚያው ትቼው ወጣሁ፤ ልነግረው የሚገባኝ ለሱ እንዳልሆነ ገባኝ።

አሮጊቷ ተቀምጣለች። ሌላ ወንበር አልነበረምና ቆሜ ነገርኳት። ማክሰኞን፣ ወረቀቱን ማጠፍ የጀመረውን ሰውዬ፣ "ማነው ግዴለሽ" ማለቴን። ጎበዝ ሲለኝ ደስ እንዳለኝ ብቻ አልነገርኳትም፤ ይህን እዚህ ነው የጻፍኩት። ባለፈው የነገርኳት ጣሪያ ውሸት መሆኑንም ነገርኳት።

ባዶውን ፍሬም እያየች ሰማችኝ። ስጨርስ ወደኔ ዞረች።

"ስንት ጊዜ ወሰደብሽ?" አለች። አንቱታው ቀርቷል።

"ምኑ?"

"የኔን ወንድም ለማውጣት።"

"ብዙም አልወሰደብኝም።"

ራሷን ነቀነቀች። "ምን ይመስል ነበር? ፎቶው ላይ።"

እሱን አስታውሳለሁ፤ አሥራ አራቱንም አስታውሳለሁ፣ አንድም አልጠፋብኝም። "ሁለት ጊዜ ነው የተነሳው" አልኳት። "በመጀመሪያው ዐይኑን ጨፈነ። ባለኮቱ 'ወንድሜ፣ እዚህ መተኛት ክልክል ነው' አለው። በሁለተኛው ሊስቅ ሲል ተያዘ። ቅንድቡ ሙሉ ነው፣ በግራው በኩል አቋርጦት የሚሄድ ቀጭን ጠባሳ አለው። ዐይኑ ሰፊ ሆኖ ጥጉ ላይ ወደ ታች ዘቅዘቅ ያለ ነው፤ ሲስቅ እንኳ ያዘነ ያስመስለዋል። የፊት ጥርሱ…"

"ተሸርፏል" አለች። "እኔ ነኝ የሸረፍኩት። ልጆች ሆነን፣ በድንጋይ።" ዐይኗን ጨፍና ቆየች። "አዎ፤ ዘቅዘቅ ያለ ነው። አዎ።"

ከዚያ ገለጠችው። "ያን ቀን እጅሽን ስሜሽ ነበር።"

"አዎ።"

"የሚመለስ ነገር ቢሆን እመልሰው ነበር።"

ይቅርታ አልጠየቅኋትም። ልጠይቅ ነበር የሄድኩት፤ ግን እዚያ ስቆም ይቅርታ ደግሞ ሌላ ነገር ስጪኝ ማለት ሆኖ ተሰማኝ። ኃላፊው በር ላይ ቆሞ ሲሰማ ነበር፤ የጻፈበትን ወረቀት ወደ ኪሱ ከተተ።

ሰሌዳው ላይ ያለው መስመር ወረቀት ተለጥፎበታል አሉ፤ ኮሚቴ ተቀምጦ አዲሱን እስኪጽፍ ነው። ሄጄ አላየሁትም። የእህቴ ልጅ ከሙዚየሙ ሰምታ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። አሁን ታናግረኛለች፤ ምግቤንም ታቀርባለች፣ መድኃኒቴንም ታስታውሰኛለች፤ ለጓደኞቿ ግን ስለኔ ማውራት ትታለች። አልፈርድባትም።

አሮጊቷ ያን ቀን ከመሄዷ በፊት በምርኩዟ ተደግፋ አንድ ነገር ጠይቃኝ ነበር።

"ያ ባለኮት የምትዪው የት ነው ያለው? የሱን እጅ መሳም እፈልጋለሁ።"

የማውቀውን ነገርኳት፤ ለኃላፊውም አጽፌዋለሁ። ወሬውን የሰማሁት ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ነው። በሐይቁ ዳር ባለችው ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በልብስ ሰፊዎች ረድፍ ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ በግራ እጁ ልብስ ይተኩስ ነበር። የነገረኝ ወደዚያ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከዚያ ወዲህ የሰማሁት የለም።